ሐረር ስትመጡ ስታዲየሙንም ጠይቁ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም ጭምር፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ዳታ የምትቆጥቡ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ ዋይፋይ ስታገኙ አንብቡት፤ አልቀየምም።

ሊጉ ድሬዳዋ ላይ በሚካሄድበት ሰሞን ኢንቦክሴ ይሞላል። «ቲቸር፣ ክለባችንን ተከትለን ድሬ ልንመጣ ነው፤ በሁለት ጨዋታ መሀል ያለችውን ቀን ሐረር ብናሳልፋት ምን ምን እንይ?» ጥያቄው ደስ ይለኛል። ሰው ከሶዶ፣ ከሐዋሳ፣ ከባሕር ዳር አውቶቡስ ተሳፍሮ ክለቡን ሲከተል ማየት በራሱ ደስ ይላል። ከጥያቄው ጋር የሚመጣው ዝርዝር ግን ሁሌም አንድ ነው፦ ጅብ ማብላት፣ የጀጎል ግንብ፣ የራምቦ ቤት፣ ማታ ላይ ደግሞ ከምንጩ የሐረር ቢራ። ለእግር ኳስ ብሎ መቶ መቶ ኪሎ ሜትር የሚቆርጥ ሰው «ስታዲየማችሁ የት ጋ ነው?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አንድም ሰው!

ይሄው ሰው እኮ ለንደን የሚኖር የአጎቱ ልጅ ኤምሬትስ በር ላይ የተነሳውን ፎቶ ፕሮፋይሉ ላይ የለጠፈ ነው። የኦልድ ትራፎርድን መልበሻ ክፍል ከቤቱ ሳሎን በላይ ያውቀዋል። እዚህ ሐረር ያላችሁትም ከዚህ አትወጡም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ በአርሴና በማንቼ ጉሮሮአችሁ እስኪዘጋ ትጮኻላችሁ፣ ኢማም አህመድ ስታዲየም ለመጨረሻ ጊዜ የገባችሁት መቼ እንደሆነ ስትጠየቁ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ታያላችሁ።

እንግዳውን አልወቅስም። እንግዳ ያሳዩትን ነው የሚያየው። እኔ ግን ሐረርን ሊጎበኝ መጥቶ ስታዲየሙን ሳያይ የተመለሰ ሰው ግማሽ ከተማ አይቶ ሄደ ባይ ነኝ። ግማሹን ለምን እንደምል ልዘርዝር።

መጀመሪያ ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። የባርሴሎናው ካምፕ ኑ የተከፈተው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ባርሴሎና ጋውዲ የሠራቸው ሕንፃዎች፣ ባሕር ዳርቻ፣ የድሮ ሰፈር፣ ምን የሌላት ነገር አለ? እንዲያም ሆኖ የክለቡ ሙዚየም ከከተማዋ ሙዚየሞች ብዙ ሰው ከሚገባባቸው አንዱ ነው፤ ደህና በሚባል ዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ትኬት ቆርጦ ይገባል። ያውም ጨዋታ በሌለበት ቀን። ሰውየው የሚከፍለው ባዶ ወንበርና ባዶ ሣር ለማየት ነው። ለምን? ያ ቦታ ባርሴሎና ማን እንደሆነች ስለሚነግረው ነዋ። በፍራንኮ ዘመን ካታላኖች በገዛ ቋንቋቸው ተሰብስበው የሚጮኹበት ቦታ ስለነበረ ነው። ባዶ ወንበሩ ያን ሁሉ ያስታውሳል።

ኢማም አህመድ ካምፕ ኑ ነው አላልኩም። አቦ፣ እኔም ዓይን አለኝ! ብርጭቆ ውስጥ የተደረደረ ዋንጫ፣ ጆሮ ላይ የሚሰካ አስጎብኚ፣ መውጫው ላይ የማልያ ሱቅ አትጠብቁ። እዚያ የሚታየው ነገር ሌላ ነው።

ለምሳሌ የኢድ ሶላት የሚሰገደው እዚያ ነው። በኢድ ጠዋት ሜዳው ነጭ በነጭ ሲሆን ያላየ ሰው ሐረርን አይቻለሁ ባይል እመርጣለሁ። ሕዝባዊ በዓል፣ ሰልፍ፣ የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ ሁሉም እዚያው ነው። ጀጎል ውስጥ ስትዞሩ የምታዩት የትናንትናዋን ሐረር ነው፤ ቆንጆ ናት፣ የተከበረች ናት፣ በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። የዛሬዋ ሐረር ግን ግንቡን አልፋ ከወጣች ቆይታለች። ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ ጉራጌው፣ አርጎባው አንድ ላይ፣ በአንድ ደረጃ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ የሚታይበት ቦታ ብትጠይቁኝ ከገበያው ቀጥሎ የምጠራው ስታዲየሙን ነው። የሐረር ተመልካች ደግሞ ዳኛን በአንድ ቋንቋ ተሳድቦ አይረካም። በአማርኛ ይጀምራል፣ በኦሮምኛ ያጠናክራል፣ በሐረሪ ይመርቃል (እርግማኑን ማለቴ ነው)፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው በሶማሊኛ ያሳርጋል። ዳኛው ምስኪን ከአዲስ አበባ የመጣ ከሆነ ሩቡን ብቻ ነው የሚረዳው፤ ይሄም አንድ ጥቅም ነው።

የኔ ዕድሜ ሰዎች ሐረር ቢራ እየተባለ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ይጫወት የነበረውን፣ በኋላ ሐረር ሲቲ የተባለውን ክለብ ታስታውሳላችሁ። ጊዮርጊስና ቡና ሐረር ድረስ ይመጡ በነበረ ጊዜ ከተማው ጠዋት ጀምሮ ሥራ አይሠራም ነበር። ያኔ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደቀረ የስም ጥሪ ወረቀቱ ይመሰክራል። አንዳንዶቻችሁ አሁን ልጅ ወልዳችኋል፣ ስለዚህ ስም አልጠራም።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ፤ ወደ ስሙ።

ከጎንደር ወይም ከሸዋ የመጣ እንግዳ «ኢማም አህመድ ስታዲየም» ሲባል ፊቱ ትንሽ እንደሚለወጥ አይቻለሁ። አይፈረድበትም። በሱ ቤት ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም «ግራኝ» ነው፤ በ1529 እ.ኤ.አ. ሽምብራ ኩሬ ላይ አፄ ልብነ ድንግልን ያሸነፈ፣ አብያተ ክርስቲያናት ያቃጠለ፣ በ1543 እ.ኤ.አ. ወይና ደጋ ላይ ከአፄ ገላውዴዎስና ከፖርቱጋሎቹ ጋር ሲዋጋ የወደቀ። እዚህ ደግሞ ልጅ በስሙ የሚጠራበት፣ ከሐረር ተነስቶ ሰፊ አገር የገዛ ሰው ነው። ሁለቱም ትረካ ከአያት የተወረሰ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ የፌስቡክ ጽሑፍ አላስታርቅም።

አንድ ነገር ግን ልበል። ያው እንግዳ ከስሙ ሸሽቶ ወደ ግንቡ ይሄዳል። ጀጎል ሥር ቆሞ ሃያ ፎቶ ይነሳል። ግንቡን ማን ሠራው? አሚር ኑር። አሚር ኑር ማን ነው? የኢማም አህመድን ባለቤት ድል ወንበራን ከእሱ ሞት በኋላ ያገባ፣ በ1559 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሠራዊቱ አፄ ገላውዴዎስን የገደለ። እንግዲህ ግንቡን ወዳችሁ ስሙን ስትፈሩ የአንድ ታሪክ አንዱን ገጽ ብቻ እየቀደዳችሁ ነው። ግንቡ የቆመው የጦርነቱ ዘመን ከተማዋን ካስጨነቃት በኋላ ነው። ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ።

ከዚህኛው ወገን ያለውንም አልተወውም። በሰኔ 2012 የራስ መኮንን ሐውልት ፈረሰ። ራስ መኮንን ምኒልክ በጥር 1879 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርን ሲይዙ የሾሟቸው ገዢ ናቸው፤ የአድዋ የጦር መሪ ናቸው፣ የተፈሪ መኮንን አባት ናቸው። ለብዙ ሐረሪ ደግሞ የጨለንቆ ቁስል ናቸው። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ የነበርን ሰዎች ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍነው እናውቃለን። የኔ አስተያየት ይኸው፦ ሐውልቱ መፍረስ አልነበረበትም፤ የስታዲየሙ ስምም መነካት የለበትም። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስላልኩ ከሁለቱም ወገን ስድብ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ኮመንቱ ክፍት ነው፤ እናትና አባት ብቻ አትንኩ።

ይህ ከተማ እኮ ሁሉ ነገሩ ባለ ሁለት ስም ነው። ሸዋ በር የምንለውን ሐረሪዎች አስመዲን በሪ ይሉታል። ቡዳ በር በድሮ በሪ ነው። ፈላና በር አሱም በሪ፣ ኤረር በር አርጎ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁጣጥ በሪ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ያለው መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የቆመው ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ቦታ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም በየፊናው ያዝናል ወይም ይኮራል፣ ከዚያ እዚያው አጠገቡ ገበያ ይውላል። ሐረር በ1990ዎቹ የዩኔስኮን የሰላም ከተሞች ሽልማት ያገኘችው ታሪኳ የዋህ ስለሆነ አይደለም። እንዲህ ያለ ታሪክ ይዞ አብሮ መዋል ስለለመደች ነው። እንግዳ ይህን እንዲያይ ከፈለግን ስሙ ከባድ የሆነውን ቦታ እናሳየው፤ ቅርጫትና ጅብ ብቻ አሳይተን አንሸኘው።

እሺ፣ አሁን ቀኑን እንዴት እንደምታሳልፉት ልንገራችሁ፤ ይህን ክፍል ኮፒ አድርጉት።

ድሬዳዋን በጠዋት ልቀቁ። ሐረር ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ናት፤ ሚኒባስ ሞልቷል። ደንገጎን ስትወጡ ጆሮአችሁ ይደፈናል፣ የድሬ ሙቀት ከኋላ ይቀራል፣ ነፋሱ ይቀየራል። ሐረማያ ስትደርሱ በመስኮት ሐይቁን ተመልከቱት። አንድ ዘመን ሐረርን ያጠጣ የነበረ ሐይቅ ነው፤ ደርቆ ሜዳ ሆኖ ከብት ሲግጥበት አይተናል፣ አሁን ደግሞ ውኃው ተመልሶ እያየነው ነው። ቀጥሎ አወዳይ ነው፤ አወዳይን ማስረዳት አያስፈልግም፣ በጫቱ ትለዩታላችሁ። 

ሐረር በር ጋ ውረዱ። በነገራችን ላይ ይህኛው በር ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች ውጭ ነው፤ ለመኪና ተብሎ በኋላ የተከፈተ ነው። ከዚያ በእግር ፈረስ መጋላ፣ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል መኪና ግርግር። መኪና ግርግር የተባለው በልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ነው፤ ጨርቅ ገዝታችሁ እዚያው አሰፍታችሁ ማታ ለብሳችሁት መመለስ ትችላላችሁ። ለማልያ የሚሆን ጨርቅ አምጥታችሁ ብትሰጧቸው ምን ይሉ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ከዚያ አንድ የሐረሪ ቤት ግቡ፤ ጌይ ጋር ይባላል። እንግዳ የሚቀበሉ ቤቶች አሉ። ጫማ አውልቁ። መቀመጫው ነደባ ነው፣ ደረጃ በደረጃ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው፣ የቤቱ አባወራ ቦታ አሚር ነደባ ይባላል። ቀይ ቀለሙ የጨለንቆ ሟቾች ደም መታሰቢያ ነው ይሏችኋል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳና ቅርጫት በሴት እጅ የተሠራ ነው። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል፤ እናንተ ለኳስ ነው የመጣችሁት፣ ተረጋጉ። ይህን ቤት በደንብ እዩት፤ የአቀማመጡን ሥርዓት ልብ በሉ፤ ከሰዓት ስታዲየም ስትገቡ ሌላ አቀማመጥ ታያላችሁና። አዲስ አበባ ስታዲየም ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ እየተባለ እንደሚለይ ሁሉ እዚህም ጥላና ፀሐይ አለ፤ ግን ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ሸሪፍ ሙዚየም ሳትገቡ እንዳትመለሱ። ቤቱ የተፈሪ መኮንን ቤት ነው፤ ውስጡ ያለው ደግሞ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ዕድሜአቸውን ሙሉ የሰበሰቡት ነው፦ የእጅ ጽሑፍ ቁርኣን፣ ሳንቲም፣ ጎራዴ፣ ጌጥ፣ የድምፅ ቅጂ። አንድ ሰው ቆርጦ ከተነሳ የከተማን ትዝታ ሊያድን እንደሚችል ማየት የፈለገ እዚያ ይግባ። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

የራምቦ ቤት ላይ ብዙ አትቆዩ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. ሐረር መጣ፣ ግጥም ትቶ ቡናና ጠመንጃ ነገደ። በዚያ ቤት ውስጥ ኖሯል የሚለውን ብዙ አዋቂዎች አይቀበሉትም። ቤቱ ግን ያምራል፣ እሱ ያነሳቸው የድሮ ሐረር ፎቶዎችም አሉ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። (የትውልድ ከተማው ሻርልቪል የሐረር እህት ከተማ ናት። እነሱ ጋ ኳስ ሜዳ ቢኖር ወስደው ያሳዩን ነበር እላለሁ፣ በቀልድ።)

ምሳ ፈጢራ በማር ወይም በእንቁላል። ከዚያ ቡና። ምሳ ከተበላ በኋላ ሐረር ትቀመጣለች፤ ሱቁም ሰውም ቀዝቀዝ ይላል፣ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናንተም ጥላ ፈልጋችሁ ዕረፉ። 10 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ስትለሰልስ ተነሱና ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ በኩል፣ ወደ ስታዲየሙ በእግር ሂዱ። ድሮ ቢሆን በሰማያዊና በነጭ ፔጆ 404 እልካችሁ ነበር፤ አሁን ባጃጅ በዝቷል፤ ቢሆንም በእግር ይሻላል። ጨዋታ ወይም ልምምድ ካለ ግቡ። የታዳጊዎች ጨዋታ ከሆነማ ዕድለኛ ናችሁ። አጠገባችሁ ካለው ሽማግሌ ጋር ወሬ ጀምሩ፤ «አባባ፣ ድሮ እንዴት ነበር?» በሉ፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ከማንኛውም አስጎብኚ የበለጠ ትሰማላችሁ።

ምሽት 1 ሰዓት ላይ ጅቡ ጋ። በሁለት ቦታ ከግንቡ ውጭ ይመገባሉ። ሥጋውን በአፋችሁ ነክሳችሁ ባጭር እንጨት ስትሰጡ ቪዲዮ ይነሳላችኋል፤ እሱን እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። እኔን የሚገርመኝ ግን ግንቡ ላይ ያለው ቀዳዳ ነው። ጅቡ ሌሊት እየገባ ከተማዋን እንዲያጸዳ ተብሎ የተተወለት መግቢያ አለው። ለጅብ በር የተወች ከተማ ናት።

ለጅብ በር የተወች ከተማ ለእንግዳ የስታዲየም በር መዝጋቷ ነው የማይገባኝ።

እዚህ ላይ ቅሬታዬን ላውጣ። በምሥራቅ ካሉት ስታዲየሞች በአንዱ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ሦስት እንግዶች ይዤ ሄጄ ነበር። ጨዋታ የለም፣ ልምምድ የለም፣ አምስት ደቂቃ ደረጃው ላይ ቆመን ልናይ ነው። ዘበኛው ጨዋ ሰው ነው፣ ሰላምታውም ሞቅ ያለ ነው፤ ግን «ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» አለኝ። ከማን? «ከሚመለከተው።» የሚመለከተው ማን ነው? «እሱን እርስዎ ያውቃሉ።» እንግዶቼ በብረት በሩ ክፍተት እያጮለቁ ፎቶ አነሱ። አንደኛው ሣሩን፣ ሌላኛው የኔን ፊት።

ዘበኛውን አልከስም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ችግሩ ስታዲየምን እንደ መጋዘን የማየት ልማድ ነው። ጨዋታ ሲኖር ይከፈታል፣ ሲያልቅ ይቆለፋል። በመሀል ያለው ጊዜ የማንም አይደለም። ይህ ልማድ የሐረር ብቻ አይደለም፣ የአገር ነው።

ድሬዳዋን ውሰዱ። በ1968 ዓ.ም. አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ሲዘጋጅ አንዱ ምድብ የተጫወተው ድሬ ላይ ነው፦ ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሞሮኮ፣ ሱዳን። ዛየር ያኔ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ጉዞዋን የጀመረችው ከዚያች ሞቃት ከተማ ነው። ኮተን የሚባለው የድሬዳዋ ክለብ ደግሞ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል። ከአሁኑ የሊግ ደጋፊ ውስጥ ስንቱ ይህን ያውቃል? ድሬ የሚያድረው ለሳምንት ነው፣ የሚቀመጠው ግን ታሪኩን ሳያውቅ ነው።

ሌላም አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር ጨዋታው በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ እንዲካሄድ ተደረገ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። ለካሜራና ለመብራት ምክንያቱ ይገባኛል። ውጤቱ ግን የተቀረው ከተማ ልጅ ትልቅ ተጫዋች በዓይኑ ሳያይ ማደጉ ነው። ብሔራዊ ቡድናችንም ከዚህ አልተሻለም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ አብረን ጮኸናል። ያ «የሜዳችን» ጨዋታ ነበር፤ ሜዳችን ግን ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበረች፤ ካፍ የኛን ስታዲየሞች አላጸደቀማ። የእህቴ ልጅ ያኔ 7 ዓመቱ ነው፤ «ማላዊ ከድሬ በላይ ናት ከድሬ በታች?» ብሎ ጠየቀኝ።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። «ቲቸር፣ መጀመሪያ ውኃ ይምጣ፤ ስታዲየም ጉብኝት ምን ያደርግልናል?» ይህን ያለኝ ሰው ትክክል ነው። ሐረር በውኃ ምን ያህል እንደተሰቃየች ቢጫ ጀሪካን ይናገራል፤ ሐይቁ ሲደርቅ ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ነው የተሳበልን። ስለዚህ አዲስ ትሪቡን ሥሩ፣ ከውጭ ሣር አስመጡ አላልኩም። እኔ የምለው ገንዘብ አይጠይቅም ማለት ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት በሩ ይከፈት። ዘበኛው ደብዳቤ ከሚጠይቅ ትንሽ ትኬት ይቁረጥ። ጀጎል ውስጥ የሚያስጎበኙ ልጆች አሉን፣ ጎበዞች ናቸው፣ በሦስት በአራት ቋንቋ ይናገራሉ፤ ጉዟቸው ላይ አንድ ማረፊያ ይጨምሩ። ስሙን ሳይሸሹ፣ ሳያጋንኑም ያስረዱ። እንግዳው እንደሁ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ሲቆይ ምሳ ይበላል፣ ባጃጅ ይይዛል፣ ምናልባትም ያድራል። አዳሪ እንግዳ ለከተማ ምን እንደሆነ አልጋ የሚያከራዩትን ጠይቁ።

ሌላው ተቃውሞ ረብሻ ነው። «የሌላ ከተማ ደጋፊ ሰብስበህ ስታዲየም ልታስገባ?» ይላሉ። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ሜዳዎች የሆነውን አልረሳሁም፤ ድንጋይም አይተናል፣ የብሔር ስድብም ሰምተናል። እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የማስበው። ሰው የማያውቀው ከተማ ላይ ድንጋይ መወርወር ይቀለዋል። ጠዋት ነደባ ላይ ተቀምጦ ቡና የጠጣ፣ መኪና ግርግር ሱሪ ያሰፋ፣ ከሽማግሌ ጋር ስለ ድሮ ኳስ ያወራ ልጅ ማታ ያችን ከተማ ለመስደብ አፉ ይከብደዋል። ዋስትና አይደለም፤ ከፖሊስ ጋር በአውቶቡስ መጥቶ ከፖሊስ ጋር በአውቶቡስ ከመመለስ ግን ይሻላል።

ወደ ሸሪፍ ሙዚየም ነገር ልመለስ ብዬ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ያን ሁሉ ከሰበሰበ እኛ በመቶ የምንቆጠር የቀድሞ ተማሪና አስተማሪ የከተማችንን የኳስ ታሪክ መሰብሰብ አያቅተንም። ሐረር ቢራ ማልያ ያለው አለ። የድሮ የትምህርት ቤቶች ውድድር ፎቶ አባቱ ሳጥን ውስጥ ያለው አለ። ትኬት ቁራጭ፣ የቡድን ዝርዝር የተጻፈበት ደብተር፣ የካሴት ቅጂ፣ ሁሉም ይፈለጋል። እስካሁን አራት ፎቶ እጄ ገብቷል፤ ሦስቱ ላይ ያሉትን ተጫዋቾች ግማሹን አላወቅኋቸውም። ቦታ ሲገኝ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እስከዚያ እኔ ጋ በካርቶን ይቀመጣል፣ ስካን አድርጌ ዋናውን እመልሳለሁ።

ስትልኩ ኢንቦክስ አድርጉ፣ ኮመንት ላይ አትለጥፉት፤ ጥራቱ ይወርዳል። ከፎቶው ጀርባ ዓመተ ምሕረቱን፣ የት ሜዳ እንደሆነና የቆሙትን ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉልኝ። በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ገጽ ያልፋል።